የሌሊት የእጅ መደንዘዝና የባት ክራምፕ ምንድን ነው?

ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የእጅ መደንዘዝና ባትን በድንገት ጨምድዶ የሚይዝ ክራምፕ በወሬ አንድ ላይ ይነሣሉ። ሁለቱንም ብዙ ሰው «ደም አልዘዋወር ብሎ ነው» ይላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እንዲያ አይደለም። እጅ የሚደነዝዘው ነርቭ አንድ ቦታ ላይ ሲጫን ነው፤ ክራምፕ ደግሞ ጡንቻ ሳይፈለግ ተኮማትሮ አልላቀቅ ሲል ነው። አንዱን የሚያስታግሰው ነገር ለሌላው ስለማይሠራ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

እጅን በተመለከተ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የትኛው ጣት ነው?» ተብሎ ነው። ይህን በደንብ የመለሰ ሰው ግማሹን ምርመራ ጨርሷል። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ ጣት፣ የመሀል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሹ ከደነዘዙ ችግሩ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የእጅ አንጓ ላይ ነው። እዚያ በመዳፍ በኩል ሥሩና ጎኑ አጥንት፣ ላዩ ጠንካራ ጅማት የሆነ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ካርፓል ተነል ይባላል። ጣት የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጣበው ያልፉበታል። ጅማቶቹ ግፊት ይችላሉ፣ ነርቩ ግን አይችልም።

ቀን ደህና ውሎ ሌሊት የሚብሰው ለምንድን ነው? ስንተኛ ሳናውቀው አንጓችንን አጥፈን እንቆያለን፤ የታጠፈ አንጓ ደግሞ የመተላለፊያውን ግፊት ብዙ እጥፍ ያደርገዋል። በዚያ ላይ ቀኑን ወደ እግር ወርዶ የዋለው የሰውነት ፈሳሽ ስንጋደም ይመለስና ውስጡን ያሳብጠዋል። ሰውየው ይነቃል፣ እጁን ያራግፋል፣ ይሻለዋል። ይህ እጅን እያራገፉ መንቃት ራሱ ሐኪም የሚፈልገው ምልክት ነው።

ለዚህ የመጀመሪያው ሕክምና ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማሰሪያ ነው። ብዙዎች «ሞክሬው አልሠራም» የሚሉት ማሰሪያው ከንቱ ሆኖ ሳይሆን አጠቃቀሙ ተሳስቶ ነው። ተዘጋጅተው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ውስጣቸው ያለው ብረት አንጓውን ወደ ላይ ቀና ያደርገዋል፤ ብረቱን አውጥቶ ማቃናት ይገባል። ጣቶች ነጻ ሆነው መታጠፍ አለባቸው። ከማሰሪያው ሥር አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቅር፤ አጥብቆ ማሰር ያንኑ ግፊት መልሶ ማምጣት ነው። በየሌሊቱ፣ ሳይቋረጥ፣ ለ6 ሳምንት። ሦስት ሌሊት አድርጎ መተው ምንም አይነግርም። በዚህ ካልተሻለ ሐኪም እብጠት የሚቀንስ የስቴሮይድ መርፌ ሊወጋ፣ ሲብስም ላዩን የሸፈነውን ጅማት ቆርጦ ነርቩን ነጻ የሚያወጣ አጭር ቀዶ ሕክምና ሊያደርግ ይችላል።

የደነዘዙት ትንሿ ጣትና ከጎኗ ያለው የቀለበት ጣት ግማሽ ከሆኑ ግን የአንጓ ማሰሪያ ብዙም አይጠቅምም፤ የተጫነው በክርን ጀርባ የሚያልፈው ነርቭ ነው። ክርንን አጥፎ፣ እጅን ከትራስ ሥር አድርጎ መተኛት ያባብሰዋል። ፎጣ ጠቅልሎ ክርኑ ላይ በፋሻ ላላ አድርጎ ማሰር ሙሉ በሙሉ እንዳይታጠፍ ያግደዋል። ከአንገት ተነሥቶ ክንድን ይዞ የሚወርድ ሕመም ካለ ደግሞ የአንገት አጥንት መታየት አለበት።

ወደ እግር ስንመጣ፣ የሌሊት ክራምፕ ከሰከንዶች እስከ 10 ደቂቃ ገደማ ይቆያል፤ ሲለቅም ጡንቻው እስከ ማግስቱ ሊያም ይችላል። ተኝተን ሳለ የእግር ጣቶች ወደ ታች ስለሚያዘነብሉ የባት ጡንቻ አጥሮ ይቆያል፤ ያጠረ ጡንቻ በትንሽ የነርቭ ቅስቀሳ ይጨመደዳል። ሲይዝ ጉልበትን ቀጥ አድርገው የእግር ጣቶችን በእጅ ወይም በፎጣ ወደ ራስ ይሳቡ። ጉልበት ከታጠፈ አይሠራም፤ ትልቁ የባት ጡንቻ ከጉልበት በላይ ስለሚጀምር ይላላል፣ አይወጠርም። መነሣት የቻለ ተረከዙን መሬት አስነክቶ ይቁምበት።

ለመከላከል ከመተኛት በፊት ግድግዳ ፊት ቆመው፣ ተረከዝ ሳይነሣ ወደ ፊት ዘንበል ብለው ባትን ለ30 ሰከንድ ያህል ይወጥሩ፤ ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ውጤቱ በሳምንታት እንጂ በአንድ ሌሊት አይታይም። ብርድ ልብስን ከግርጌ አጥብቆ መጠቅጠቅም የእግር ጣቶችን ወደ ታች ስለሚጫን ላላ ይበል።

ማግኒዚየም ብዙ ይሸጣል። ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ግምገማ ግን በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ክራምፕ ይረዳል ማለት እንደማይቻል አሳይቷል፤ ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ደግሞ ያለ ሐኪም ሊወስደው አይገባም። የወባ መድኃኒት የሆነው ኩዊኒን ለክራምፕ ሲወሰድ ኖሯል። ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን የደም ፕሌትሌት በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድና የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል ለዚህ ተብሎ በራስ ፈቃድ ፈጽሞ አይወሰድ።

እግርን ለማንቀሳቀስ የሚገፋፋ፣ ሲራመዱ የሚሻል፣ ጡንቻ ሳይቋጠር የሚመጣ ስሜት ክራምፕ አይደለም፤ እረፍት የለሽ እግር የሚባለው ነው፤ በሰውነት ያለ የብረት ማዕድን (አይረን) ክምችት መለካት አለበት።

መደንዘዙና ክራምፑ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ከሁለቱም በስተጀርባ አንድ ምክንያት ሊኖር ይችላል፦ እርግዝና፣ ስኳር በሽታ፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከም ወይም የኩላሊት ችግር። ስለዚህ የደም ስኳር፣ የታይሮይድ፣ የኩላሊትና የካልሲየም ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር በሽታ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ቪታሚን ቢ12ንም ያስለካ። የሚያሸኑ መድኃኒቶችም ክራምፕ ሊያመጡ ስለሚችሉ የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል፤ በራስ ማቆም ግን አይገባም።

ፊት ከተጣመመ፣ ንግግር ከተሳሰረ ወይም አንድ ጎን በድንገት ከደነዘዘ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይኬድ። አንድ እግር ብቻ አብጦ ከሞቀና ሕመሙ ካልለቀቀ የረጋ ደም ሊሆን ይችላልና ሳያድሩ ይታዩ። የአውራ ጣት ሥር ጡንቻ ከሰለሰለ፣ የልብስ ቁልፍ መቆለፍ ካስቸገረ ወይም ዕቃ ከእጅ መውደቅ ከጀመረ ደግሞ ጉዳዩ ከማሰሪያ አልፏል። ነርቩ ለወራት ተጭኖ ከቆየ በኋላ ቢፈታም ስሜቱና ኃይሉ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።