ከዌብ ዲዛይን ወደ ኢንተራክሽን ዲዛይን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዌብሳይት እየሠሩ የሚተዳደሩ ወጣቶች ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ «ወደ ኢንተራክሽን ዲዛይን መግባት እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?» ኢንተራክሽን ዲዛይን ሰው ከመሣሪያና ከስክሪን ጋር የሚያደርገውን ምልልስ መንደፍ ነው፦ ሲነካ ምን እንደሚሆን፣ ምን እንደሚመልስ። የሚያሳዝነኝ፣ ብዙዎቹ ገና ሳይጀምሩ ልብ የሚያደክም ወሬ ሰምተው መምጣታቸው ነው።

«ያው ዌብ ዲዛይን ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተቀየረው»

አይደለም። እንዲያውም ሙያው ዌብን ይቀድማል። እንግሊዛዊው ዲዛይነር ቢል ሞግሪጅ እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ የዋለውን ግሪድ ኮምፓስ የተባለ ላፕቶፕ ቅርጽ ያወጣ ሰው ነው። ማሽኑን ራሱ ሲጠቀምበት ግን ያን ያህል የተጨነቀበትን ማጠፊያና መያዣ ረሳው፤ ቀልቡን የያዘው ስክሪኑ ውስጥ ያለው ሆነ። ያንንም መንደፍ መማር እንዳለበት ያኔ ገባው። ከሌላው ዲዛይነር ከቢል ቨርፕላንክ ጋር ሆነው «ኢንተራክሽን ዲዛይን» የሚለውን ስም ያወጡት በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ቲም በርነርስ ሊ የዌብን ሐሳብ ያቀረበው በ1989። ስሙን ያወጣው ሰው ራሱ ከሌላ ሙያ የተሻገረ ነበር።

«ፊግማ ከቻልክ በቃ»

የስክሪን ንድፍ መሥሪያ ሶፍትዌር የሆነውን ፊግማን መልመድ የሳምንታት ጉዳይ ነው። ከባዱ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ የገንዘብ መላኪያ ገጽ ሠርቼ አንዲት ባለሱቅ ሲሞክሩት አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ። መጠኑን አስገቡ፤ «ላክ» የሚለውን ነኩ። ኔትወርኩ ደካማ ነበርና ስክሪኑ ዝም አለ። ትንሽ ጠበቁ፣ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረግ አደረጉና ደግመው ነኩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ሄደ ወይስ አልሄደም?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። የቁልፉን ቀለም ስመርጥ አንድ ቀን ሙሉ ፈጅቼ፣ ከተነካ በኋላ ምን እንደሚሆን አንድም ቦታ አልነደፍኩም።

ሥራው ያለው እዚያ ነው። የአጠቃቀም ምቹነት ተመራማሪው ጃኮብ ኒልሰን ያስተዋወቀው መለኪያ እስከ ዛሬ ያገለግለኛል፦ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ የመጣ ምላሽ ወዲያው የሆነ ይመስላል፤ እስከ 1 ሰከንድ ድረስ የሰው ሐሳብ አይቋረጥም፤ 10 ሰከንድ ካለፈ ልቡ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ስለዚህ ቁልፉ እንደተነካ መደብዘዝ፣ «እየተላከ ነው» ማለት፣ ሁለተኛውን ንክኪ አለመቀበል፣ ኔትወርክ ቢቋረጥም ብሩ የት እንዳለ በግልጽ መናገር አለበት።

«ከዜሮ መጀመር ነው፤ ዲግሪም ይጠይቃል»

ዲግሪ ያለው ይጠቀምበታል፤ ያለ ዲግሪ የገቡም ብዙ ናቸው። ፎርም የሠራችሁ፣ የስህተት መልእክት የጻፋችሁ፣ አንዱን ገጽ ለስልክም ለኮምፒውተርም ያስማማችሁ ከሆነ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

«ተጠቃሚን ማጥናት ብር ላለው ድርጅት ነው»

ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 እንደጻፈው ስሌት፣ አምስት ሰው ብቻ ቢሞክረው ከአጠቃቀም ችግሮቹ 85 በመቶ ያህሉ ይወጣሉ። ስሌቱ ለሁሉም ሥራ እኩል አይሠራም፤ ለመጀመሪያ ሙከራ ግን ከበቂ በላይ ነው። ስክሪኑን ወረቀት ላይ ሣሉት፣ አምስት ሰው ጋ ውሰዱት፣ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው። እጃችሁ ሊጠቁም ይነሣል፤ ያዙት።

«ውጭ የተሠራውን መገልበጥ ይበቃል»

ይህኛው ያንገበግበኛል። ፎርሙ «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ የእኛ ሰው የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ የትኛውን የት እንደሚጽፍ ግራ ይገባዋል። የወር ዝርዝሩ 12 ላይ ያበቃል፤ ጳጉሜን የተወለደ ልጅ ቦታ የለውም። ቀጠሮ «8:00» ሲል አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ቋንቋው ራሱ ንድፍ ይፈልጋል፦ «ላክ» ብሎ እናትን እንደ ወንድ ልጅ ማዘዝ ነውር ነው፤ «ይላኩ» ወይም «መላክ» ይሻላል። እኔም ያየሁት ባለሱቋ አጠገብ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ይህን የሚያውቅ ዲዛይነር ሌላው የሌለውን ዕውቀት ይዟል።

«ፖርትፎሊዮ የሚያምሩ ሥዕሎች ስብስብ ነው»

ቀጣሪ ማየት የሚፈልገው አስተሳሰባችሁን ነው። የከሸፈውን ስክሪን አስቀምጡ፤ ማን ላይ እንደከሸፈ፣ ምን እንደቀየራችሁ፣ ከዚያ ምን እንደሆነ ጻፉ። የእኔ ፖርትፎሊዮ የሚከፈተው በዚያ ዝም ባለ ስክሪን ነው። ቀጥሎ የተስተካከለው ይመጣል፤ ከሥሩም አንድ መስመር ማስታወሻ አለ፦ በሁለተኛው ሙከራ ባለሱቋ «ይላኩ»ን አንዴ ነክተው፣ «500 ብር ደርሷል» የሚለውን አንብበው፣ እኔን ሳይጠይቁ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።