ባዶውን የሚከርም ግድብ፦ የጎርፍ ማቆያ የአፈር ግድብ ምንድን ነው?

ግድብ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ሐይቅ ነው። ይሄኛው ግን አብዛኛውን ዓመት ባዶውን ይከርማል። ሆዱ ውስጥ ሣር ይበቅላል፣ ከብት ይግጥበታል። "ይሄ ሁሉ ብር ፈሶበት ጠብታ ውሃ የለውም" የሚል ሰው ቢመጣ አይፈረድበትም። ግን የተሠራው ባዶ ሆኖ እንዲጠብቅ ነው።

ድሬዳዋን እናንሳ። ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ከሞላ ጎደል ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ሐምሌ ሲያልቅ ግን ከሐረርጌ ከፍታዎች የወረደው ጎርፍ በሌሊት ከተማዋ ገብቶ ከ200 በላይ ሰው ጨረሰ። የእንዲህ ዓይነት ጎርፍ ክፋቱ ውሃው ሁሉ በአንዴ መምጣቱ ነው። የአፈር ግድቡ የሚያደርገውም ውሃውን ማዘግየት ነው፣ በቃ።

እንዴት? ጀሪካን ከሥሩ በሚስማር ብሱና በባልዲ ውሃ ገልብጡበት። ከላይ በአፍታ ይገባል፣ ከታች ግን በቀጭኑ ይወርዳል። ግድቡም ከሥሩ የሚያልፍ፣ ሁሌ ክፍት የሆነ ቧንቧ አለው። ጎርፉ በሴኮንድ 20 ሜትር ኩብ ሆኖ ለግማሽ ሰዓት ቢመጣ፣ ቧንቧውም 2 ብቻ የሚያሳልፍ ቢሆን፣ ያ ውሃ ወርዶ እስኪያልቅ 5 ሰዓት ይፈጃል። በረኛም ሞተርም አያስፈልግም።

አካሉ በስስ በስሱ እየተነጠፈ በሮለር የተጠቀጠቀ ሸክላማ አፈር ነው። ትልቁ ጠላቱ በአናቱ የሚያልፍ ውሃ ነው፤ አንዴ መሸርሸር ከጀመረ ይናዳል። ስለዚህ ከጎኑ፣ ከአናቱ ዝቅ ብሎ፣ ሰፊ ማስተንፈሻ ቦይ ይቆፈርለታል።

አንድ ትንሽ ግድብ ብቻውን የደቻቱን ዓይነት ጎርፍ አይችለውም። ጉልበት የሚያገኙት ገባሮቹ ላይ ብዙ ሆነው ሲደረደሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኦክላሆማ በ1948 እ.ኤ.አ. ኮርዴል አጠገብ በአንድ ጀመረች፤ ዛሬ ከ2,000 በላይ አሏት። ብዙዎቹ ግን ጭራሽ ባዶ አይሆኑም፤ ሆዳቸው ውስጥ ትንሽ ኩሬ ይይዛሉ።

ከተሠራ በኋላ የሚገድለው ተራ ነገር ነው። ፍልፈል ይሰረስረዋል። ዛፍ ይበቅልበትና ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይከፍታል። የቧንቧውን አፍ የሚጠብቀው የብረት ፍርግርግ ላይ ጭራሮና የሃይላንድ ጠርሙስ ይከመራል፤ ክረምት ሳይገባ አንድ ሰው ወርዶ ማንሳት አለበት። ከሁሉ የሚከፋው ግን ጥቂት ዓመት ዝናብ ሲቀንስ ነው። ያን ጊዜ ያ ባዶ ሜዳ ጥሩ የቤት መሥሪያ ቦታ ይመስላል።