ፉጋዚ፦ የ5 ዶላሩ ባንድ

ፉጋዚ ከዋሽንግተን ዲሲ የወጣ የኢንዲ ሮክ (ከትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጭ የሚሠራ ሮክ) ባንድ ነው። ስሙ ሲነሳ ከዘፈኖቹ እኩል የሚወራው ስለ መግቢያ ዋጋው ነው። ታዋቂ ከሆኑም በኋላ ቲኬቱን በተቻለ መጠን ከ5 ዶላር እንዳይዘል አድርገው ነው የዘለቁት።

የመጀመሪያ ኮንሰርታቸውን ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ድምፃዊና ጊታሪስት የሆነው ኢያን ማካይ ቀደም ብሎ በማይነር ትሬት ባንድ የፓንክ (ፈጣንና ጩኸታም የሮክ ስልት) ዓለም ያውቀው ነበር፤ በ1980 ከጄፍ ኔልሰን ጋር ያቋቋመው ዲስኮርድ የተባለ የአልበም አሳታሚም ነበረው። ጆ ላሊ ቤዝ ጊታር፣ ብሬንዳን ካንቲ ድራም ያዙ። ጋይ ፒቾቶ መጀመሪያ የገባው በድምፅ ብቻ ስለነበር መድረክ ላይ እጁ ሥራ ፈት ነበር። በ1988 አንድ ኮንሰርት ላይ የቅርጫት ኳስ ቀለበት ውስጥ ገብቶ ቁልቁል እንደተዘቀዘቀ ሲዘፍን የሚያሳየው ቀረጻ ዛሬም ያስደነግጣል።

ዋጋው ዝቅ እንዲል ወጪው ዝቅ ማለት ነበረበት። ማናጀር አልቀጠሩም፤ ኮንሰርቶቹን ማካይ ራሱ በስልክ ያመቻች ነበር። ቲሸርት አይሸጡም ነበር። በዕድሜ ምክንያት ሰው የሚመልስ አዳራሽ ውስጥም አይጫወቱም ነበር። ከ1991 ወዲህ፣ የሮክ ባንዱን የኒርቫናን ስኬት ያዩ ትልልቅ ኩባንያዎች ሲያግባቧቸው እንኳ ከዲስኮርድ አልወጡም። ይህን ምናኔ አድርጎ የሚያየው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ጥሩ የንግድ ስሌትም ይመስለኛል፤ በራስ አሳታሚ የሚወጣ አልበም ትርፉ ለትልቅ ኩባንያ አይሄድም።

ከመድረኩ ሥር መገፋፋትና መደባደብ ሲጀመር ሙዚቃውን ያቆሙ ነበር። ማካይ ረባሹን «ጌታዬ» እያለ በትሕትና ይገሥጽ ነበር፤ አልሰማም ካለ 5 ዶላሩ በፖስታ ታሽጎ ይመለስለትና ወደ በሩ ይሸኝ ነበር።

ከአልበሞቹ መጀመሪያ መሰማት ያለበት ሪፒተር (1990) ነው፤ ፒቾቶም እዚህ ጊታር ይዟል፤ ሁለቱ ጊታሮች እየተነጋገሩ እንጂ አንዱ ሌላውን እያጀበ አይሄዱም። የ1993ቱን ኢን ኦን ዘ ኪል ቴከር መጀመሪያ ቺካጎ ውስጥ ከሙዚቃ ቀራጩ ስቲቭ አልቢኒ ጋር ቀርጸውት ነበር። ውጤቱን ስላልወደዱት አርሊንግተን በነበረው ኢነር ኢር ስቱዲዮ እንደገና ሠሩት፤ ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ የአልበም ሽያጭ ሰንጠረዥ ውስጥም ገባ። ሬድ ሜዲስን (1995) እና ኤንድ ሂትስ (1998) ሙከራ የበዛባቸው ናቸው። የመጨረሻው፣ ዘ አርጊውመንት (2001)፣ ለብዙዎች ምርጡ ነው፤ እኔም ከብዙዎቹ ጋር ነኝ።

በኖቬምበር 2002 ለንደን ውስጥ ከተጫወቱ ወዲህ በአንድነት ለሕዝብ አልቀረቡም፤ «ፈረስን» ብለውም አያውቁም። ከ1,000 በላይ ኮንሰርቶቻቸው ውስጥ አብዛኞቹን የድምፅ ባለሙያዎቻቸው ቀርጸው አስቀምጠው ስለነበር፣ ከ2011 ጀምሮ ቅጂዎቹን በኢንተርኔት እያወጡ ይሸጣሉ። ላሊና ካንቲ አሁን ከጊታሪስቱ አንቶኒ ፒሮግ ጋር መሰቴቲክስ በሚባል ባንድ ይጫወታሉ፤ ማካይ ደግሞ ከላሊና ከኤሚ ፋሪና ጋር ኮሪኪ በሚል ስም በ2020 አልበም አውጥቷል።