«እኔ በጆሮ ነው የሚገባኝ» የሚባለው ነገርና እውነታው

የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የጥናት ምክር ሲጠይቁ ብዙ ጊዜ የሚነገራቸው «መጀመሪያ የመማር ዘይቤህን እወቅ» የሚል ነው። በዓይን፣ በጆሮ ወይስ በእጅ? ምክሩ ከቅንነት ነው። ግን ውድ ጊዜያቸውን ይበላል።

«በዘይቤው የተማረ የተሻለ ይገባዋል።» ይሄ ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2008 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ እስከዚያ የተሠሩትን ጥናቶች መርምረው በቂ ማስረጃ አላገኙም። በትክክለኛ ዘዴ ከተሠሩት ጥቂት ጥናቶች አንዳንዶቹ እንዲያውም ተቃራኒውን ነው ያሳዩት።

«እኔ ግን ቪዲዮ እወዳለሁ።» መውደድ አለ፣ ማንም አይክደውም። የወደዱት ሁሉ ግን ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል ማለት አይደለም። ዘዴውን የሚወስነው ትምህርቱ ነው፦ የልብን ክፍሎች ያለ ሥዕል፣ የእንግሊዝኛ አነባበብን ሳይሰሙ፣ ሒሳብን ሳይሠሩ ማወቅ ለማንም ይከብዳል።

«ደጋግሜ ካነበብኩና ካሰመርኩበት ያዝኩት።» ብዙ ልጅ የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች አንዱን ቡድን ጽሑፉን አራት ጊዜ አስነበቡት፣ ሌላውን አንድ ጊዜ አስነብበው ሦስት ጊዜ ሳያይ የሚያስታውሰውን እንዲጽፍ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን እነሱ 40 በመቶ ገደማ ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ ገደማ አስታወሱ። ገጹን ስለለመድነው ያወቅነው ይመስለናል፣ ፈተና ላይ ግን ገጹ የለም። ስለዚህ ደብተሩን ዝጉና ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ የቀረውን ከፍታችሁ እዩ፤ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ድገሙት። ይሄ ለእኛ ባዕድ አይደለም፣ የቆሎ ተማሪ ማታ ያለ መጽሐፍ ቃሉን ሲወጣ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እሱ «ያዝኩት» የሚለው በቃሉ ሲወጣው ነው እንጂ ሲያነበው አይደለም።

«ታዲያ ሰው ሁሉ አንድ ነው?» በፍጹም። ማየት ለተሳነው ተማሪ ብሬል ወይም የድምፅ መጽሐፍ ማቅረብ የዘይቤ ምርጫ ሳይሆን መብቱ ነው። ከዚህ ውጭ ትልቁ ልዩነት ተማሪው ቀድሞ የሚያውቀው ነገር ነው። የ9ኛ ክፍል አልጀብራ የጎደለው ልጅ ካልኩለስ ላይ ሲቸገር «የእጅ ተማሪ ስለሆነ ነው» አትበሉት፤ የ9ኛ ክፍሉን መጽሐፍ ፈልጉና አብራችሁት ከምዕራፍ አንድ ጀምሩ።