የንግድ ማኅበርና የዘርፍ ማኅበር አንድ አይደሉም

እኛ የሶላር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች «ማኅበር እናቋቁም» ባልን ቁጥር ያው ጥያቄ ይመለሳል፦ «አክሲዮኑ ስንት ነው? ትርፉስ እንዴት ይከፈላል?» ግራ የሚያጋባን ስሙ ነው። በንግድ ሕጋችን (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) «የንግድ ማኅበር» ሲባል አክሲዮን ማኅበር፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርና የመሳሰሉት ናቸው። እኛ የምንፈልገው ግን የዘርፍ ማኅበር፣ ማለትም በአንድ የሥራ ዘርፍ ያሉ ሰዎች ለጋራ ጉዳያቸው የሚያቋቁሙት ስብስብ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 404 ማኅበርን የሚተረጉመው ዓላማው ትርፍ ማግኘት ወይም መከፋፈል ያልሆነ ስብስብ አድርጎ ነው።

አምስት አስመጪዎች ተባብረው አንድ ኮንቴይነር የፀሐይ ፓነል አስገብተው ትርፉን ቢካፈሉ፣ ያ ንግድ ነው። እነዚያው አምስቱ፣ በገበያ እየተፎካከሩም ቢሆን፣ በወሩ የሚሞተው መብራት የሁላችንንም ስም እያጠፋ ነው ብለው የጥራት ደረጃ እንዲከበር በአንድ ድምፅ ቢጠይቁ፣ ወይም ፓነል ለሚገጥሙ ባለሙያዎች ሥልጠና ቢያዘጋጁ፣ ይህ የዘርፍ ማኅበር ሥራ ነው። እያንዳንዱ ሱቁን፣ ፈቃዱንና ደንበኛውን እንደያዘ ይቀጥላል። የሚከፍለው መዋጮ ነው፤ ትርፍ አይታሰብበትም። ተሰብስቦ የመሸጫ ዋጋ መወሰን ግን በማኅበር ስምም ቢሆን አይቻልም፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይከለክላል።

እስካሁን ያልኩት የታወቀ ነው። የመዋጮው መጠንና የድምፅ አሰጣጡ ግን እንደየማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ይለያያል። እኔ የገጠር ፓነል ገጣሚው ከትልቁ አስመጪ እኩል ድምፅ ቢኖረው እመርጣለሁ፤ የተበላሸውን ዕቃ ይዞ የሚመጣውን ገበሬ ፊት ለፊት የሚያገኘው እሱ ነውና።