የፒክ ዙር ምንድን ነው?

የሐረሩ ሚኒባስ ረዳት የከረሜላ ቆርቆሮዋን ከመስጠቱ በፊት ጆሮው ጋ አስጠግቶ ነቀነቃት። «አቦ ምንድን ነው ይሄ? ክኒን ነው?» አለኝ። ከፍቼ አሳየሁት። ዘጠኝ ትንንሽ ፕላስቲኮች፣ አንድ የተሞረደ ቀንድ፣ አንድ ለሁለት የታጠፈ ቀጭን ደብተር። በጣም ነው ያዘነብኝ። የደንገጎን ቁልቁለት ሙሉ ኪሱን በእጁ ይዞ የወረደው ለዚህ መሆኑ ሊዋጥለት አልቻለም።

የፒክ ዙር ማለት ይሄው ነው። አንድ ሰው ያሉትን የተለያዩ ፒኮች፣ ማለትም የክር መምቻ ቁራጮች፣ በአንድ ዕቃ ሰብስቦ ይልካል። የደረሰው ሰው አንድ ሳምንት ያህል በራሱ መሣሪያ ይሞክራቸዋል። የተሰማውን ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ከዚያ ለሚቀጥለው ሰው ይልካል። ዕቃው ሁሉንም አዳርሶ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ውጭ አገር ያሉ የማንዶሊን (ትንሽ ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ነው) ተጫዋቾች ይህንን በፖስታ ያደርጉታል። የኛ ዙር ትንሽ ነው። አራት ሰዎች ነን፤ ሁለታችን ድሬዳዋ፣ አንዱ ሐረር፣ አንዱ አዲስ አበባ።

ነገሩን ሳስረዳ «እቁብ ነዋ!» ያለኝ ጎረቤት አለ። አይደለም። እቁብ ሲወጣልህ ገንዘቡ ያንተ ነው። ይሄ የሚቀርበው ለጽዋ ማኅበር ነው። ጽዋው ተራ የደረሰው ሰው ቤት ይሰነብትና ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። የኔ ነው ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቆልፍበት የለም።

ፒኩን ጊታር የነካ ሁሉ ያውቀዋል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ተይዞ ክር የሚመታበት ትንሽ ቁራጭ ነው። ሐሳቡ ለኛ እንግዳ አይደለም። በገና በጣት ካልሆነ ድሕንፃ በሚባል መምቻ ይመታል። ኡድ ተጫዋቾች ደግሞ ሪሻ የሚሉት ረጅምና ቀጭን ነገር አላቸው። ቃሉ ዓረብኛ ነው፣ ላባ ማለት ነው። ድሮ ከእውነተኛ ላባ ነበር የሚሠራው። ድሬ የኡድ ተጫዋቹ የአሊ ቢራ አገር ስለሆነች ኡድ እዚህ መግቢያ አያስፈልገውም። ማንዶሊን ግን ያስፈልገዋል። አየለ ማሞን የሚያውቅ ሰው ካጋጠመኝ ተገላገልኩ፣ «እሱ የሚጫወተው» ብዬ አልፋለሁ። ሌላው ሰው «ትንሿ ጊታር» ነው የሚለው። ማረም ከተውኩ ቆየሁ።

አንድ የጊታር ተጫዋች ያገኘውን ፒክ ይዞ ዓመቱን ሙሉ ሊጫወት ይችላል። የማንዶሊን ሰው ስለ ፒክ ይህን ያህል የሚጨነቀው በመሣሪያው ጠባይ ምክንያት ነው። ማንዶሊን ስምንት ክር አለው፣ ግን ስምንቱ ሁለት ሁለት ሆነው አራት ጥንድ ናቸው። የአንድ ጥንድ ሁለቱ ክሮች እኩል ይቃኛሉ። ቅኝቱ የቫዮሊን ነው። ክሩ የሚንቀጠቀጥበት ርዝመት 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ክሩ አጭር፣ ሣጥኑ ትንሽ ስለሆነ ድምፁ ተመትቶ ወዲያው ይሞታል። ረጅም ኖታ ከፈለግክ ያለህ መንገድ አንድ ነው። ፒኩን ወደ ታች ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወደ ላይ በፍጥነት መመላለስ። ትሬሞሎ የሚሉት ይሄ ነው። አንድ ዝግተኛ ዜማ ላይ ፒኩ በመቶዎች ጊዜ ክር ይነካል። የፒኩ ጥቃቅን ጉድለት ሁሉ በዚያው ልክ ይባዛል።

ቀጭን ፒክ የመጀመሪያውን ክር ሲመታ ይታጠፋል። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል። ከጥንዱ አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ያጉረመርማል። በዚያ ላይ ፕላስቲኩ ራሱ ጠቅ ጠቅ ይላል። ወፍራሙ አይታጠፍም፣ ሁለቱንም ክር እኩል ገፍቶ ያልፋል። ለዚህ ነው ብዙ የማንዶሊን ሰዎች ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ፣ እስከ 1.5 ድረስ የሚይዙት። ውፍረት ብቻም አይደለም። ሹል ጫፍ ድምፁን ጥርት አድርጎ ያወጣል፣ ክብ ጫፍ ያለዝበዋል። ጠርዙ በሰያፍ የተሞረደ ከሆነ ክሩ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል። ካልተሞረደ ክሩን ይይዘዋል፣ ትሬሞሎው ይደናቀፋል።

የኔ የመጀመሪያ ፒክ የተቆረጠው ጊዜው ካለፈበት የባንክ ካርድ ነው። እንደኔ የጀመረ ብዙ እንደሆነ እገምታለሁ። የባንክ ካርድ ውፍረት የትም አገር አንድ ነው፣ 0.76 ሚሊ ሜትር። ለጊታር ይሄዳል። ለማንዶሊን ግን ይልፈሰፈሳል። ይሄን ያወቅኩት ሁለት ዓመት «እጄ ነው ችግሩ» ብዬ ራሴን ስወቅስ ከኖርኩ በኋላ ነው።

ቆርቆሮዋ ውስጥ ያሉት እንግዲህ እነዚህ ናቸው። ቶርቴክስ የሚባሉት በቀለም ነው የሚለዩት፤ ብርቱካናማው 0.60፣ ቢጫው 0.73፣ አረንጓዴው 0.88፣ ሰማያዊው 1.0፣ ወይን ጠጁ 1.14 ሚሊ ሜትር ነው። አምስቱም አሉን። ዌገን የሚባል የሆላንድ ፒክ አለ፣ 1.4 ሚሊ ሜትር፣ ነጭ። አንድ ሴሉሎይድ አለ፤ የፒንግ ፖንግ ኳስ ለብዙ ዘመን ይሠራ የነበረው ከዚሁ ነው። እሳት ካየ ደግሞ ቦግ ይላል፣ ከሲጋራ አርቁት። ከኬዘን የተሠራም አለ። ኬዘን የወተት ፕሮቲን ነው። አዎ፣ ወተት። ድሮ የልብስ ቁልፍም ይሠራበት ነበር። እና ብሉቺፕ። ይሄ አሜሪካ ውስጥ ቴነሲ የሚሠራ ነው፣ የአንዱ ዋጋ ከ35 ዶላር ይበልጣል። በብር ምን ያህል እንደሚሆን ለእናቴ አልነገርኳትም።

የዙሩ ጥቅም ብሉቺፑ ላይ ነው በደንብ የሚገባው። የአውራ ጣት ጥፍርን ትንሽ ለምትበልጥ ፕላስቲክ ይህን ያህል ገንዘብ ከፍሎ «ለእጄ አልተስማማኝም» ማለት ያማል። ሰው ጠይቄ ልወቅ ብትልም አይሆንም። አንዱ «ማር ነው» ይልሃል፣ ሌላው «እንጨት ነው» ይልሃል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የአንዱ ክር ቀጭን ነው፣ የሌላው ወፍራም። አንዱ ፒኩን አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላው ላላ አድርጎ። ፒክ እንደ ጫማ ነው፣ በሰው እግር አይለካም።

በነገራችን ላይ የድሮ ሰዎች የሚምሉበት ፒክ ከባሕር ኤሊ ቅርፊት የሚሠራው ነበር። ኤሊዋ እየጠፋች ስለመጣች ንግዱ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሏል። ቶርቴክስ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ያንን ለመተካት ነው። አንድ ሰው «የአያቴ ነው» ብሎ የኤሊ ፒክ ቢሰጣችሁ ፖስታ ውስጥ እንዳትከቱት። ድንበር ከተሻገረ ጣጣ አለው።

ስለ አላላክ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም የመጀመሪያውን ዙር ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ላለው ጓደኛችን ሦስት ፒክ በተራ ፖስታ ውስጥ ጣል አድርጌ፣ በፖስታ ሳጥን ቁጥሩ ላክሁለት። ፖስታው ደረሰ። ፒኮቹ አልደረሱም። ጥግ ላይ አንዲት ንጹሕ ቀዳዳ ነበረች። ፒክ ትንሽ ቢሆንም ጠንካራ ነው፤ ፖስታው ሌላ ዕቃ ሥር ሲገባ ወረቀቱን ቀዶ ይወጣል። አሁን ካርቶን ላይ በፕላስተር አጣብቀን ቆርቆሮ ውስጥ እናደርጋለን፣ ቆርቆሮዋን ደግሞ በጨርቅ እንጠቀልላለን። ለሐረሩ ፖስታ አያስፈልግም። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ረዳቱን ታናግራለህ፣ የታርጋ ቁጥሩን ትልካለህ፣ በቃ።

ሌሎቹ ደንቦች ቀላል ናቸው። መላኪያውን የሚከፍለው ላኪው ነው። ፒክ መሞረድ፣ መቧጨር፣ ስም መጻፍ ክልክል ነው። የጠፋውን ያጠፋው ይተካል። በሳሙና ማጠብ አይፈቀድም፣ በደረቅ ጨርቅ ብቻ። ይሄ የመጨረሻው የመጣው በወተቱ ፒክ ምክንያት ነው። ከመካከላችን አንዱ፣ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ረስቶት ሸሚዙ ታጠበ። ኬዘን ውኃ ይጠጣል። ፒኩ ሲወጣ እንደ ድንች ጥብስ ተጠማዞ ነበር። መጽሐፍ ሥር ሦስት ቀን ጫንነው፣ በመጠኑ ቀና አለ። አሁንም ግን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው ይወዛወዛል።

አሞካከሩ ላይ ጥብቅ ነኝ። ያው ዜማ፣ ያው ክር፣ ያው ወንበር። አንዱን ዜማ ቀስ ብዬ በትሬሞሎ፣ አንዱን ፈጠን አድርጌ። ባለፈው ታናሽ እህቴን ጎረቤት ክፍል አስቀምጬ የቱ የቱ እንደሆነ ሳልነግራት ሁሉንም ተጫወትኩላት። ብርቱካናማውን ወዲያው ለየችው። «ይሄ ቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው» አለች። ልክ ናት። ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ያሉትን ግን መለየት አቃታት። ብሉቺፑንና ዌገኑን «አንዱን ሁለቴ ተጫወትክብኝ» ብላ ተከራከረችኝ። እኔ እጅ ላይ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። ስለዚህ የውድ ፒክ ገንዘብ የሚከፈለው በአብዛኛው ለተጫዋቹ ምቾት ነው፣ ለሰሚው ጆሮ አይደለም። ይህን ስል የሚቆጣ ሰው እንዳለ አውቃለሁ።

ለኔ ትልቁ ፈተና ላብ ነው። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ ከዚራ ሰፈር ካሉት ዛፎች ሥር ብትቀመጥ እንኳ ጣትህ ይረጥባል። ልሙጥ ፒክ በእርጥብ ጣት መሃል ይሽከረከራል። ጫፉ ወደ ላይ፣ ትከሻው ወደ ክሩ ይዞራል። ሁለተኛው ዜማ ላይ ስትደርስ በየትኛው ጎኑ እየተጫወትክ እንደሆነ አታውቅም። ሴሉሎይዱ በዚህ ወደቀብኝ። ቶርቴክሶቹ ፊታቸው ሸካራ ስለሆነ ይሻላሉ። ብሉቺፑ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ልሙጥ ይመስላል፣ ግን ጣት ሲሞቅ ይበልጥ ይጣበቃል። ዌገኑ ወፍራም ስለሆነ የሚጨበጥ ነገር አለው፤ ላብ ሲበዛ ግን እሱም ይሸሻል። ደብተሩ ላይ «ለድሬ አይሆንም» ብዬ ጻፍኩ፣ ከሥሩም አሰመርኩበት።

ቀንዱን የሠራው የሐረሩ ጓደኛችን ነው። የበሬ ቀንድ ከሥጋ ቤት ለመነ፣ በብረት መጋዝ ቆረጠ፣ በሞረድ አሳሳው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። መጨረሻ ላይ በጂንስ ሱሪው ጉልበት ላይ ሲፈትገው ዋለ። ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ አንዱ ጎን ትንሽ ይወፍራል። ወደ ብርሃን ሲይዙት ውስጡ እንደ ሻይ ቀለም ነው። ድምፁ ለስላሳና ድፍን ነው፣ ወፍራሞቹ ክሮች ላይ ደስ ይላል። ቀጭኖቹ ላይ ግን እንቅልፋም ነው። ይህንንም ጻፍኩ። ጓደኛ ነው ተብሎ አይዋሽም።

ሳምንቴ ሲያልቅ ቆርቆሮዋን ለዚያው ረዳት ሰጥቼ ወደ ላይ ሰደድኳት፤ ደንገጎን፣ ሐረማያን፣ አወዳይን አልፋ ሐረር ገባች። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ማታ ማታ እዚያ ሹራብ ይለበሳል። በአሥረኛው ቀን ጓደኛዬ የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ስለ ዌገኑ ከጻፍኩት ሥር በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ይላል፦ «እዚህ ምንም አልተንሸራተተም። ፒኩን ሳይሆን ድሬን ነው የገመገምከው። ቀንዴን ደግሞ አንተ ነህ ያስተኛኸው።»