«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»፦ ትርጓሜው ከሮለር ኮስተር ታሪክ ጋር

ይህ አባባል በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በሱሉልታም ሆነ በለገጣፎ፣ በብዛት የሚሰማው በጥድፊያ የተፈጸመ ጉዳይ ሲፈርስ ነው፤ ሳይጠያየቁ የተጋቡ ሲለያዩ ወይም ሰነዱ ሳይጣራ የተገዛ ቦታ ክርክር ሲያስነሣ ሽማግሌዎች ይጠቅሱታል። ስለዚህም ብዙ ሰው «አትቸኩል» ከሚል ምክር ለይቶ አያየውም። በእኔ ግምት ግን አባባሉ ሩጫን አይነቅፍም፤ የሚነቅፈው መታጠቂያው የታሰረበትን ጊዜ ነው።

ምሳሌው የተወሰደው ከአለባበስ ነው። ወንዱ ወገቡን በድግ፣ ሴቷ በመቀነት ስትታጠቅ፣ ረጅሙ ጨርቅ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ጫፉ የሚሸጎጠው ቆም ተብሎ ነው፤ እየተራመዱ የጠመጠሙት ይላላል፣ የላላውንም ሩጫው ራሱ ይፈታዋል። ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱ እናቶችም ሸክሙን ጠፍረው የሚያስሩት ገና ከላይ ሳሉ ነው፤ ቁልቁለቱ ከተጀመረ ገመድ ማጥበቅ አይቻልም።

ቁልቁለትን መዝናኛ ያደረገው ሮለር ኮስተር፣ ማለትም ሰው አሳፍሮ በሐዲድ ላይ ሽቅብና ቁልቁል የሚሮጠው የመዝናኛ ባቡር፣ ይህንኑ በትልቁ ያሳያል። ጅምሩ በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሩሲያ ውስጥ ሲሆን፣ ሰዎች ከእንጨት በተሠራ ከፍ ያለ ማማ ላይ ወጥተው በበረዶ በተለበጠው ቁልቁለት ይንሸራተቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1817 ፓሪስ ውስጥ በረዶው በመንኮራኩር በሚሄድ ጋሪ ተተካ፤ ያን ጊዜ የመንኮራኩሩ ዘንግ በመንገዱ ጠርዝ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ እንዲገባ መደረጉ፣ ሠሪዎቹ ስለ መታጠቂያው፣ ማለትም ጋሪውን ከመንገዱ ጋር ስለሚይዘው ነገር፣ አስቀድመው ማሰባቸውን ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1884 አሜሪካዊው ላማርከስ ቶምፕሰን ኮኒ አይላንድ በተባለው የኒው ዮርክ የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ሰፈር የከፈተው ባቡር ግን በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚጓዝ የራሱ ክብደት ከሐዲዱ ላይ ያቆየው ነበር። ለዝግታው ያ ይበቃው ነበር።

ችግሩ ፍጥነት ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በዚያው በኮኒ አይላንድ የተሠራው ፍሊፕ ፍላፕ የተባለ ሮለር ኮስተር ተሳፋሪውን ዘቅዝቆ የሚያዞር ሲሆን፣ የሚዞርበት የሐዲድ ቀለበት ድፍን ክብ ስለ ነበር ባቡሩ ወደ ቀለበቱ ሲገባ ኃይሉ በድንገት አንገት ላይ ያርፍ ነበር፤ ዝናውም የአንገት ሕመም ሆኖ ቀረ። እዚህ ላይ አባባሉን በጥብቅ ካየነው ልኩ አይደለም፣ የተፈታ ነገር የለምና፤ የተሳሳተው የመንገዱ ቅርጽ ነበር። መፍትሔው የተገኘው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ በተከፈተው ሮለር ኮስተር ላይ ጀርመናዊው መሐንዲስ ቬርነር ሽቴንግል ቀለበቱን ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ አድርጎ ሲነድፈው ነው።

አባባሉ በትክክል የሚገጥመው ለአሜሪካዊው የሮለር ኮስተር ነዳፊ ለጆን ሚለር ሥራ ነው። ባቡር ጉብታን በፍጥነት ሲያልፍ ሐዲዱ ወደ ታች ቢታጠፍም እርሱ በመጣበት አቅጣጫ መቀጠል ስለሚሻ ከሐዲዱ ይነሣል፤ ስለዚህ የቀደሙት ሠሪዎች ጉብታውን ለዘብ ለማድረግ ይገደዱ ነበር። ሚለር እ.ኤ.አ. በ1919 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ፈጠራ፣ ከሐዲዱ ሥር ገብቶ ባቡሩን ወደ ታች የሚይዝ ተጨማሪ መንኮራኩር ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተሠሩት ጉብታዎች ቀጥ ብለው የቆሙት ከዚህ በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1927 ተከፍቶ ዛሬም በኮኒ አይላንድ የሚሠራው ሳይክሎን የተባለው ሮለር ኮስተር 26 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው በሰዓት እስከ 97 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። መታጠቂያው ስለ ቀደመ ሩጫው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ «አትቸኩል» የሚለው ትርጓሜ የሚስተው ይህን ነው።

የዛሬዎቹ ሮለር ኮስተሮች ደግሞ ውሳኔውን ለሰው ብቻ አልተዉትም፤ በብዙዎቹ ላይ የተሳፋሪዎቹ መያዣ ሁሉ መቆለፉን የመቆጣጠሪያው ሥርዓት ካላረጋገጠ ባቡሩ ከጣቢያው አይለቀቅም።